አይከሰስ የተባለውን ማን ይክሰሰው?

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲባል እየሰማን አድገናል። እዚህ አገር መጥተን ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲከሰስ አየን። በኖቬምበር 2019 ኔታንያሁ እንዲከሰሱ የወሰኑት አቪሐይ ማንደልብሊት ቀደም ሲል የእሳቸው የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። እሰየው ብለናል። ነገር ግን አንድ ሹም ጨዋ ሆኖ ተገኘ ተብሎ አሿሿሙ ትክክል ነው አይባልም።

ወገኖቻችን፣ ዮዔጽ ሐሚሽፓቲ የሚባለው ሹም ሁለት ሥራ ተሸክሟል። የመንግሥት ሕግ አማካሪ ነው፤ የዐቃቤ ሕጎችም ሁሉ የበላይ ነው። ጧት ሚኒስትሩን ይመክራል፣ ማታ ያንኑ ሚኒስትር ልክሰሰው ወይስ ልተወው ይላል። ሿሚው ደግሞ መንግሥት ነው። በጃንዋሪ 1997 ሮኒ ባርኦን ተሹመው በ2 ቀን ውስጥ ለቀቁ። ከዚያ ቅሌት በኋላ፣ በ2000፣ ዕጩ የሚያጣራ 5 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ደህና አጥር ነበር። በ2025 ግን መንግሥት የማሰናበቻውን ደንብ ለወጠና ኦገስት 4 ቀን ጋሊ ባሃራቭ ሚያራን ለማባረር ወሰነ። በዚያው ዕለት ያገደው ፍርድ ቤት ነው።

እኛ የምንለው ሥራው ይከፈል ነው። አማካሪውን መንግሥት ይሹም፣ ምክር ፈላጊው እሱ ነውና። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ግን ሕዝብ ይምረጠው፦ ከክነሴት ምርጫ በተለየ ቀን፣ በተለየ ወረቀት፣ ለአንድ ዘመን ብቻ። ዳግመኛ የማይወዳደር ሰው ፋይል በከፈተ ቁጥር ድምፅ አይቆጥርም።

«በ1996 ለጠቅላይ ሚኒስትር በተለየ ወረቀት መርጠን ምን ተረፈን? በ2001 ሕጉ ተሽሮ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። ልክ ነው፣ ተሽሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ያለ ክነሴት ድጋፍ አንድ ቀን አያድርም፤ ዐቃቤ ሕግ የማንንም ፓርቲ ደጅ መጥናት የለበትም።

የሚከብደን ሌላው ጥያቄ ነው። እኛ ከ160 ሺህ ብንበልጥም ከመቶ ሁለት እንኳ አንሞላም። ብዙኃኑ የመረጠው ሰው ለእኛ ልጅ ይቆማል? ይህን በየቤታችን ተከራክረንበታል፣ ዛሬም የማይስማሙ ጓደኞች አሉን። ግን የተሾመው ቆሞልናል? በ2015 በሖሎን የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደራችን በፖሊስ ሲደበደብ አገር በቪዲዮ አየ። ወጣቶቻችን አደባባይ ወጡ። በጁን ወር የጊዜው ዮዔጽ በፖሊሱ ላይ የተከፈተውን ፋይል ዘጋው። ለዚያ ውሳኔ ማንን እንጠይቅ? የመረጥነው አልነበረም፣ የምንሽረውም አልነበረም።

በአሜሪካ በ43 ክፍላተ አገር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ ይመረጣል። የተመረጠ ሁሉ ለጥቁር ይቆማል አንልም፤ የፖሊስን ጥፋት የሸፈኑ ተመራጮች እዚያም ሞልተዋል። ሆኖም በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሲገደል የሚኒሶታው ተመራጭ ኪት ኤሊሰን ጉዳዩን ተረክቦ ክሱን አከበደው፤ አብረውት የነበሩትንም 3 ፖሊሶች ከሰሰ። ገዳዩ በ2021 22 ዓመት ተኩል ተፈረደበት።

የክነሴት ተወዳዳሪዎች ድምፅ ፍለጋ ወደየሰፈራችሁ ሲመጡ፣ ቡናውን ከመቅዳታችሁ በፊት ይህን ጠይቁልን፦ ሥራው ይከፈል ትላለህ ወይስ አትልም? ዐቃቤ ሕጉን ሕዝብ ይምረጠው ትላለህ? የመለሱላችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ እያንዳንዱን ከነስሙ እናትመዋለን።