የበዓል ጉዞ በወረርሽኝ ወቅት፦ ዕቅዱ ከመመለሻው ይጀምር

የ2014 ዓ.ም. የገናና የጥምቀት በዓላት በተቃረቡበት ወቅት በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው በብዛት በመግባት ላይ ነበሩ። 1 ሚሊዮን የዳያስፖራ አባላት የገናን በዓል በአገራቸው እንዲያከብሩ በመንግሥት የቀረበው ጥሪ የዚያን ዓመት ጉዞ ከወትሮው የተለየ አድርጎት ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱን የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ኦሚክሮን ብሎ ሰይሞ አሳሳቢ ከሆኑት ዝርያዎች ተርታ አስቀምጦታል። ከዚያን ዕለት ወዲህ በርካታ አገሮች የመግቢያ ደንቦቻቸውን ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ለውጠዋል።

በዚህ ሳቢያ ብዙ ተጓዦች ያነሡት የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ብቻ ነበር። የዚያን ዓመት የበዓል ጉዞ ከባዱ በር መግቢያው ሳይሆን መመለሻው ነበር። ሥራውን፣ ትምህርቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን በውጭ አገር ትቶ የሚመጣ ሰው ዕቅዱን ከመመለሻው ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ እየቆጠረ ቢያወጣ ከብዙ እንግልት ይድናል።

ወደ ኢትዮጵያ መግባት

ወደ አገር ውስጥ የሚገቡ መንገደኞች ከመድረሳቸው በፊት ባሉት 120 ሰዓታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከቫይረሱ ነፃ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፒሲአር ምርመራ ውጤት ማቅረብ በወቅቱ ይጠበቅባቸው ነበር። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆኑት ሕፃናት ነበሩ። 120 ሰዓት አምስት ሙሉ ቀናት በመሆኑ ከሰሜን አሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሚነሣ መንገደኛ በቂ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ሆኖም በመካከል በሌላ አገር አርፎ ለሚመጣ ሰው የዚያ አገር የመሸጋገሪያ ደንብ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ሊጠይቅ ይችል ነበር። በዚህን ጊዜ ተፈጻሚ የሚሆነው አጭሩ ነበር።

የመመለሻው በር

ከኢትዮጵያ የሚመለሱ መንገደኞችን ይጠብቋቸው የነበሩት ደንቦች እንደየአገሩ ይለያዩ ነበር።

ዩናይትድ ስቴትስ ከጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአየር ወደ አገሯ የሚገቡ የውጭ ዜጎች የኮቪድ-19 ክትባት ማጠናቀቃቸውን እንዲያረጋግጡ አድርጋ ነበር። ይህ ግዴታ የአሜሪካ ዜጎችን፣ ግሪን ካርድ ያላቸውን ቋሚ ነዋሪዎችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን አይመለከትም ነበር። ከኅዳር 27 ጀምሮ ግን ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ መንገደኛ ሁሉ፣ የተከተበም ያልተከተበም፣ ዜጋም ሆነ የውጭ አገር ሰው፣ ከበረራው በፊት ባለው 1 ቀን ውስጥ የተደረገ ምርመራ ውጤት ማቅረብ ነበረበት። ቀድሞ ለተከተቡ ሰዎች ይፈቀድ የነበረው የ3 ቀን ጊዜ ቀርቶ ነበር። ለዚህ ከፒሲአር በተጨማሪ የአንቲጅን ምርመራም ተቀባይነት ነበረው።

«አንድ ቀን» የሚለው አገላለጽ 24 ሰዓት ማለት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባ ነበር። ይቆጠር የነበረው በቀን መቁጠሪያው ዕለት ነበር፤ ቅዳሜ ማታ የሚበር ሰው ዓርብ በማንኛውም ሰዓት የሰጠው ናሙና ያገለግለው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ገና የዋለው ዓርብ ታኅሣሥ 29 ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ታኅሣሥ 30 ወደ አሜሪካ የሚመለስ መንገደኛ መመርመር ይችል የነበረው በበዓሉ ዕለት ወይም በበረራው ቀን ብቻ ነበር። በጥምቀትም እንዲሁ ነበር፤ በዓሉ ረቡዕ ጥር 11 ስለዋለ ሐሙስ ጥር 12 የሚበር ሰው ምርመራውን የሚያደርገው በጥምቀት ዕለት ወይም በማግሥቱ ነበር። የመረጠው ላቦራቶሪ በበዓል ቀን ክፍት መሆኑንና ውጤቱን በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ ካልሆነም በረራውን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ማራዘም ይበጅ ነበር።

ወላጆቻቸውን ወይም ዘመዶቻቸውን ይዘው ለመመለስ ያሰቡም ነበሩ። በጎብኚ ቪዛ የሚጓዝ ሰው ክትባቱን ማጠናቀቅ ግድ ይሆንበት ነበር። ክትባት በበቂ መጠን ለማይገኝባቸው አገሮች ዜጎች የተፈቀደው ልዩ ሁኔታ የጎብኚ ቪዛ የያዙትን አያካትትም ነበር። የኢሚግራንት ቪዛ ለሚጠባበቁ፣ የዲቪ ዕድለኞችን ጨምሮ፣ ክትባቱ ከመስከረም 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ምርመራው አካል ሆኖ ነበር።

ወደ ብሪታንያ የሚመለሱ ዜጎችና ነዋሪዎች ሌላ ታሪክ ነበራቸው። ኢትዮጵያ ከመጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ቀይ መዝገብ ውስጥ በመቆየቷ ተመላሾች በራሳቸው ወጪ በሆቴል ለይቶ ማቆያ ይገቡ ነበር። በኅዳር ወር በኦሚክሮን ምክንያት 11 የአፍሪካ አገሮች እንደገና ወደ ቀይ መዝገብ ሲገቡ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፤ እነዚህም አገሮች ታኅሣሥ 6 ከመዝገቡ ወጥተዋል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ይፈለግ የነበረው ከጉዞው በፊት ባሉት 2 ቀናት ውስጥ የተደረገ ምርመራ፣ ከደረሱ በኋላ እስከ ሁለተኛው ቀን የሚደረግ ፒሲአር፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ራስን ለይቶ መቆየት ነበር። ክትባት ያላጠናቀቀ አዋቂ ለ10 ቀናት ተለይቶ መቆየት ይኖርበት ነበር።

እስራኤል ከኅዳር 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድንበሯን ለውጭ ዜጎች ዘግታ ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችን በቀይ መዝገብ ስላስገባችም፣ የራሷ ዜጎች ወደ እነዚህ አገሮች ለመጓዝ ከልዩ ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባቸው ነበር። ቤተሰባቸው በሁለቱም አገሮች ለሚኖር ቤተ እስራኤላውያን የዚያ ዓመት በዓል በስልክ የሚከበር ሊሆን ይችል ነበር።

ከሁሉ የከበደው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉዳይ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከናይጄሪያ የሚመጡ መንገደኞች እንዳይገቡ አግዳ ነበር። የአገሪቱ ዜጎችና የቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ዲፕሎማቶች፣ የልዑካን ቡድኖችና ወርቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከዕገዳው ውጭ ነበሩ። በተራ የሥራ ፈቃድ ዱባይ ወይም አቡዳቢ የሚሠራ ሰው ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከኤምሬቶች ወደ ኢትዮጵያ የሚደረገው በረራ አልተቋረጠም ነበር። አደጋው የነበረው እዚሁ ላይ ነው፤ መምጣት ይቻል ነበር፣ መመለስ ግን ዕገዳው እስኪነሣ አይቻልም ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የዒድ አል አድሃ በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ከኢትዮጵያ የሚነሡ መንገደኞች መግቢያ መዘጋቱ አይዘነጋም።

በኤምሬቶች የሚሠሩ ዜጎች ገና ካልተነሡ ጉዞውን ማዘግየት ይመከር ነበር። ለበዓሉ ቀድመው የገቡ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ቢያከናውኑ መብታቸውን ለማስጠበቅ ይረዳቸው ነበር። አንደኛው፣ የመቅረታቸውን ምክንያት ለአሠሪያቸው በጽሑፍ አሳውቀው የፈቃድ ማራዘሚያ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው የሚያበቃበትን ቀን ማረጋገጥ ነው፤ በመደበኛው አሠራር ከ6 ወር በላይ ከአገሪቱ ውጭ መቆየት ፈቃዱን ሊያሳጣ ይችላል። ሦስተኛው፣ ተመላሽ ቲኬታቸው ቀኑን ያለ ቅጣት ለመቀየር የሚፈቅድ መሆን አለመሆኑን ከአየር መንገዱ መጠየቅ ነው።

ምርመራና ክትባት አይተካኩም

በተጓዦች ዘንድ ይታይ የነበረው ግርታ የክትባት ማስረጃና የምርመራ ውጤት አንዱ ለሌላው ምትክ ይሆናል ብሎ ማሰብ ነበር። ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ምርመራው ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት ቫይረሱ በሰውየው ላይ መገኘት አለመገኘቱን ያሳያል፤ ስለ ነገ የሚናገረው ነገር የለም። ክትባቱ ደግሞ ሰውየው ቢያዝ በጽኑ የመታመም ዕድሉን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አይያዝም ማለት ግን አይደለም። ኦሚክሮን የተከተቡ ሰዎችንም እየያዘ በመሆኑ አገሮች ሁለቱንም ማስረጃዎች በአንድነት መጠየቅ ጀምረው ነበር።

ክትባት የሚሠራው ጊዜ ወስዶ ነው። ማስረጃው በአብዛኛዎቹ አገሮች ይቆጠር የነበረው የመጨረሻው መጠን ከተወሰደ ከ14 ቀናት በኋላ ነበር። በወቅቱ በአገራችን ይሰጡ ከነበሩት መካከል ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነበር፤ ታኅሣሥ 18 የተከተበ ሰው ማስረጃው የሚጸናለት ጥር 2 ነበር። ይህም ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ማለት ነበር። አስትራዜኒካ በሁለቱ መጠኖች መካከል ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስለሚጠይቅ በዚያን ጊዜ ለሚጀምር ሰው ለበዓሉ አይደርስም ነበር። እነዚህ ሁለቱ፣ እንዲሁም ሲኖፋርምና ፋይዘር፣ በዓለም ጤና ድርጅት የጸደቁ በመሆናቸው አሜሪካ ትቀበላቸው ነበር።

በሰነድ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶች

ማስረጃ ኖሮም የማይነበብ ከሆነ በአውሮፕላን ጣቢያ ያስቸግር ነበር። በክትባት ካርድ ላይ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. የተወሰደው ክትባት ለውጭ አገር መርማሪ ወረርሽኙ ከመከሠቱ ከዓመታት በፊት የተሰጠ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ የተመዘገበ ናሙና በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9፡00 ሆኖ መጻፍ ነበረበት። አለዚያ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል።

የስም አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው የላቲን ፊደል፣ ያለ አንዲት ፊደል ልዩነት፣ በምርመራው ውጤትና በክትባቱ ካርድ ላይ መስፈር ነበረበት። የፓስፖርት ቁጥሩም ቢታከል መልካም ነው። ካርዱን በጉዞው ቀን ሳይሆን ከሳምንት በፊት ወደ ሰጠው ጤና ተቋም ወስዶ ማሳረም ይቻል ነበር። ሐሰተኛ ማስረጃ መያዝ ግን ከበረራ ከመቅረት ባሻገር በወንጀል ያስጠይቃል።

የድንበር ደንብ የማይጠብቃቸው

የመግቢያ ደንቦች ድንበርን ይጠብቃሉ እንጂ በቤት የሚጠብቁትን አረጋውያን አይጠብቁም። የ120 ሰዓት የምርመራ ውጤት ይዞ የገባ ሰው በእነዚያ አምስት ቀናት፣ በአውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በአውሮፕላን ውስጥ ሊያዝ ይችል ነበር። ሦስትና አራት ዓመት ያላዩትን ልጅ አቅፈው የሚስሙ ብዙ አባቶችና እናቶች ደግሞ ገና አልተከተቡም ነበር። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአገራችን ቫይረሱ የሚገኝባቸው ሰዎች ቁጥር በፍጥነት በመጨመር ላይ መሆኑ ሥጋቱን ያባብሰው ነበር።

ለዚህ መፍትሔው ናፍቆትን መከልከል አልነበረም። በደረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳግም መመርመር፣ እስከዚያው በዕድሜ የገፉትን ሲጠይቁ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ መስኮት ከፍቶ ወይም በግቢ ተቀምጦ መጫወት ይቻል ነበር። ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቤተሰብ አባላት በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ክትባቱን በነፃ ያገኙ ነበር። ለበዓሉ የመጣ ልጅ ወላጆቹን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ ከሻንጣው ከሚያወጣው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይሆን ነበር።

የበዓሉ አከባበርም ከመመለሻው ጋር የተያያዘ ነበር። ለገና ወደ ላሊበላ፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚጓዙ ሰዎች ከብዙ ሕዝብ ጋር ይውላሉ። ቫይረሱ በምርመራ የሚታየው ከተያዙ ከጥቂት ቀናት በኋላ በመሆኑ ከታቦት ሸኝቶ በማግሥቱ የተመረመረ ሰው ነፃ የሚል ውጤት ይዞ ቫይረሱን ወደ አውሮፕላን ሊያስገባ ይችላል። ከበዓሉ በፊት ተይዞ የነበረ ደግሞ በመመለሻው ዋዜማ ቫይረሱ ሲገኝበት ከበረራው ይቀር ነበር። በበዓሉና በበረራው መካከል የአንድ ሳምንት ያህል ክፍተት መተው ሁለቱንም ችግሮች ይቀንስ ነበር። ቫይረሱ ቢገኝ ለተጨማሪ ቆይታ የሚሆን ገንዘብና የሥራ ፈቃድ ቀድሞ ማዘጋጀትም የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባ ነበር።

ከላይ የተዘረዘሩት ደንቦች እስከ ታኅሣሥ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ የታወቁት ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ወር እንዳሳየው በአንድ ሌሊት ሊለወጡ ይችሉ ነበር። ተጓዦች ቲኬት ሲቆርጡ አንድ ጊዜ፣ ከመነሣታቸው በ72 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ዳግም፣ የሚመለሱበትን አገር ኤምባሲና የአየር መንገዳቸውን መረጃ እንዲመለከቱ ይመከር ነበር። በአገር ውስጥ ስለ ምርመራና ክትባት መረጃ በነፃ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952 ማግኘት ይቻል ነበር።