ገዥ ማለት የተሻለ ማለት አይደለም

በባዮሎጂ ትምህርታችን ስለ ገዥና ስለ ድብቅ ጠባይ በተማርን ጊዜ፥ አንዳንድ ጓደኞቼ ገዥውን እንደ ጌታ፥ ድብቁን እንደ ሎሌ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማሁ። በእኔ አሳብ ይህ ስሕተት ነው። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው በበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ትንሿን የፍራፍሬ ዝንብ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ቶማስ ሀንት ሞርጋን የተባለው ሊቅ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሚያረባቸው ባለ ቀይ ዓይን ዝንቦች መካከል አንድ ባለ ነጭ ዓይን ወንድ አገኘ። ይህንንም ከባለ ቀይ ዓይን እንስቶች ጋር ቢያዳቅለው፥ ከተፈለፈሉት 1,240 ልጆች 1,237ቱ ባለ ቀይ ዓይን ሆኑ። ነጩ ጨርሶ የጠፋ መሰለ። ነገር ግን ባለ ቀይ ዓይኖቹ ልጆች እርስ በርሳቸው በተዳቀሉ ጊዜ፥ ከልጅ ልጆቹ 3,470ዎቹ ቀይ፥ 782ቱ ነጭ ዓይን ይዘው ወጡ። እነዚህም 782 ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ምክንያቱም የዓይኑ ቀለም ጂን የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፥ ወንዱ ከእናቱ የሚቀበለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለ ሆነ የሚሸፍንለት ሌላ የለውም። እናቶቹ ግን ዓይናቸው ቀይ ሳለ ነጩን ተሸክመው ኖረዋል። እንግዲህ ድብቅ ማለት የጠፋ ማለት አይደለም።

ገዥውስ? ክንፏ ወደ ላይ የተቆለመመ ዝንብ አለች። ይህ ጠባይ ገዥ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። ሆኖም ከሁለቱም ወላጆች የወረሰችው ዝንብ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ትሞታለች። ታዲያ ገዥነቱ ምን ጠቀማት? ገዥ ማለት ሁለቱ ጠባዮች ባንድ አካል ሲገናኙ የሚታየው ማለት ነው እንጂ፥ የሚበልጠው ማለት አይደለም።

ይህ ነገር የዝንብ ብቻ አይደለም። አልቢኒዝም ያለበት ሕፃን በተወለደ ጊዜ ጎረቤት «ከየት አመጣችው?» እያለ እናቲቱን ሲያማ እንሰማለን። ይህም ጠባይ በአብዛኛው ድብቅ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ የወረሰው ከእናቱም ከአባቱም ነው፤ ሁለቱም ሳያውቁት ተሸክመውት ኖረዋልና።

ውድ ጓደኞቼና ወላጆቻችን ሆይ፥ ዝንብ መቁጠር ሥራ ፈትነት ለሚመስለው ሁሉ መልሴ ይህ ነው፤ በትክክል የተቆጠረ ዝንብ አንዲትን እናት ከሐሜት ሊያድናት ይችላል።