የሕክምና ተማሪ እጁን የሚያፍታታው በማን ላይ ነው?

የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከመጽሐፍና ከቤተ ሙከራ ጋር ካሳለፈ በኋላ ነጭ ጋዋን ለብሶ ዋርድ ይገባል። በኢትዮጵያ ይህ ዓመት «ሲ ዋን» ይባላል። ሂስትሪ መውሰድ፣ ማለትም የሕመሙን ታሪክ ከታማሚው ጠይቆ መመዝገብ፣ ከዚያም አካሉን በዓይን፣ በእጅና በማዳመጫ መመርመር የሚለመደው ያኔ ነው። ልምምዱ የት ይሁን፣ በማን ላይ ይሁን የሚለው ግን ያከራክራል። ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተውበታል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ከታማሚው አልጋ አጠገብ

ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው ብዙ ወጣት ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። ከመካከላቸው በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ካላዛር የሚይዛቸው አሉ። ከወራት በኋላ ትኩሳት አልለቅ ብሎት፣ ከስቶና ሆዱ ተነፍቶ ጎንደር ሆስፒታል የሚደርስ ወጣት በወባም፣ በቲቢም፣ በታይፎይድም ሊጠረጠር ይችላል። መንገዱን የሚያሳየው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ባለፈው አጨዳ የት ነበርክ?»

ቀጥሎ የእጅ ተራ ይመጣል። ጣፊያን የሚፈልግ ተማሪ መጀመር ያለበት ከግራ ጎድን ሥር ሳይሆን ከሆዱ የታችኛው ቀኝ ጥግ ነው። ታማሚው ትንፋሹን በሳበ ቁጥር ጣቶቹ ጥቂት በጥቂት ወደ ግራ ጎድን ይወጣሉ። በካላዛር ያበጠ ጣፊያ እምብርትን አልፎ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከላይ የጀመረ ተማሪ እጁን እዚያው ጣፊያው ላይ አሳርፎ ጠርዙን ሳያገኘው ይቀራል፤ ካርዱ ላይም «ሆዱ ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚያርመው አብሮት የቆመ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሰለጥን ሐኪም ነው፤ የተማሪውን እጅ ይዞ ወደ ታች ያወርድለታል። ታማሚ መስሎ እንዲጫወት የተቀጠረ ሰው ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣፊያ አይገኝም።

መሣሪያ በበዛበት ዘመን ጥያቄና እጅ ምን ያደርጋሉ የሚል ካለ፣ በ1975 በእንግሊዝ የታተመውን የሃምፕተንና የባልደረቦቹን ጥናት ይመልከት። ከ80 አዲስ ተመላላሽ ታማሚዎች በ66ቱ፣ ሐኪሙ የላኪውን ደብዳቤ አይቶና ታሪካቸውን ጠይቆ የደረሰበት መደምደሚያ ከመጨረሻው ውጤት ጋር ገጥሟል። አካላዊ ምርመራ ውሳኔውን የለወጠው በ7ቱ፣ ላቦራቶሪና ሌላ ምርመራ ደግሞ በሌሎች 7 ላይ ነበር።

መጠየቅ ደግሞ ቅጽ መሙላት አይደለም። ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው መማሪያ መጽሐፉ «በስንት ትራስ ይተኛሉ?» ብላችሁ ጠይቁ ይላል። መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ የሚያድር ገበሬ ትራስ ቆጥሮ አያውቅም። «ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት?» ሲባል ግን ነገሩን ከሥሩ ያወጣዋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማን ደግፎ እንደሚያስቀምጠው ሁሉ ይናገራል። ይህን ተማሪው የሚማረው ከገበሬው ነው።

አዲስ አበባ የተወለዱትና ሕክምና መማር የጀመሩት አብርሃም ቨርጊስ፣ የ1974ቱ አብዮት ትምህርታቸውን ቢያቋርጠውም ሕንድ ሄደው ጨርሰዋል። ኋላ ስታንፎርድ ሲያስተምሩ ያዩትን በ2008 ጽፈውታል፤ ሐኪሞቹ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ታማሚ ሲያክሙ አልጋ ላይ ያለው ሰው ምልክት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። መልሳቸው «ስታንፎርድ 25» የተባለው፣ አልጋ አጠገብ የሚደረጉ የምርመራ ክህሎቶችን የሚያስተምር መርሐ ግብር ነው። ሀብታሙ ሆስፒታል ወደ አልጋው ለመመለስ እየታገለ ሳለ፣ አልጋው ያልጠፋበት አገር ከአልጋው የሚሸሽበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ አስቀድሞ መለማመጃ ክፍል

ያ ከአጨዳ የተመለሰ ወጣት አልጋው ላይ እያለ ስንት እጅ ያርፍበታል? ጠዋት ሲ ዋኖች ይመጣሉ፤ ከሰዓት የቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች፣ ሲ ቱዎች፤ ማታ ደግሞ ለፈተና የሚዘጋጁት። ግዙፍ ጣፊያ «ጥሩ ኬዝ» ነውና ወሬው በዶርሙ ይዳረሳል። ያበጠ ጣፊያ ሲጫኑት ሊያምም ይችላል። ወጣቱ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ይጠራል፤ እምቢ ቢል ሕክምናው የሚቀርበት ይመስለዋል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪ ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ በ2012 ብቻ 13 ተቋማት በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ማስተማር ጀምረዋል። አልጋው ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

ነገሩ በድሃ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን የተሰጣቸው ሴቶች ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ተማሪዎች በማህፀን ምርመራ ሲለማመዱባቸው ኖረዋል። ካሊፎርኒያ ይህን በሕግ የከለከለችው በ2003 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት፣ ሆስፒታሎች የጽሑፍ ፈቃድ እንዲቀበሉ በግልጽ ያሳሰበው ገና በ2024 ነው። ያን ሁሉ ዘመን «ተማሪ በእውነተኛ ታማሚ ላይ ነው የሚማረው» የሚለው ክርክር ሽፋን ሆኖ አገልግሏል። ማንም ሐኪም በእናቱ ላይ እንዲህ እንዲደረግ አይፈልግም።

የሃምፕተን ጥናትም ለመጀመሪያው ጸሐፊ አይመሰክርላቸውም፤ እነዚያን 80 ሰዎች የጠየቁት ሐኪሞች እንጂ ገና የሚማሩ ልጆች አልነበሩም። በ1984 ቤክማንና ፍራንክል አሜሪካ ውስጥ የሐኪምና የታማሚን ንግግር ቀርጸው ሲያጠኑ ታማሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ይቋረጥ ነበር። አቋራጮቹ አልጋ አጠገብ የተማሩ ናቸው! ታማሚ «አቋረጥከኝ» አይልም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። የሰለጠነ አስመሳይ ታማሚ ግን ይላል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስልህ ቀና ብለህ ሳታየኝ ጻፍክ» ብሎ ይነግረዋል፤ ተማሪውም እዚያው እንደገና ይጀምራል። ሃዋርድ ባሮውስ ይህን ዘዴ በ1963 ሎስ አንጀለስ ላይ የጀመሩት የነርቭ ሕመምተኛን እንድትመስል ባሰለጠኗት ሴት ነው።

የልብ ድምፅም እንዲሁ። በ1997 በአሜሪካ የታተመ የማንጂዮኒና የኒማን ጥናት፣ በውስጥ ደዌና በቤተሰብ ሕክምና የሚሰለጥኑ ሬዚደንቶች ከተሰጧቸው የልብ ድምፆች ለይተው ያወቁት ከ5 አንዱን ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ማይክል ባሬት የተባሉ ሐኪም በ2004 ያቀረቡት መፍትሔ መደጋገም ነው፤ እያንዳንዱን ድምፅ 500 ጊዜ ማዳመጥ። ለ500 ጊዜ ደረቱን የሚሰጥ ታማሚ የለም፤ የተቀዳ ድምፅ ግን አይደክመውም።

ማዳመጫው ራሱ ወሰን አለው። የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ወጣት ይጎዳል። በ2007 ከካምቦዲያና ከሞዛምቢክ ተማሪ ቤቶች የወጣ ጥናት፣ በልብ አልትራሳውንድ የተገኘው ሕመም በአካላዊ ምርመራ ከተገኘው 10 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ተማሪው ገና ከሲ ዋን ጀምሮ በእጅ የሚያዘውን አልትራሳውንድ ሊለማመድ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

ስለ ፈቃድ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ክርክርም አይገባውም። አስመሳይ ታማሚ ግን የራሱ መዘዝ አለው። አሜሪካ በ2004 ለሐኪምነት ፈቃድ ፈላጊዎች ሁሉ በአስመሳይ ታማሚ የሚሰጥ ፈተና አስገዳጅ አደረገች። ፈተናው ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር፤ የሚሰጠውም በአምስት ከተሞች ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሐኪም ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጨመርበት ነበር። ተፈታኞቹ በሩን አንኳኩቶ ከመግባት ጀምሮ እስከ «ይህ በጣም ከብዶዎት ይሆናል» ድረስ ቃል በቃል ሸምድደው ይገቡ ነበር። ኮቪድ በ2020 አቋረጠው፤ በጥር 2021 ጨርሶ ቀረ።

አልትራሳውንዱም ቢሆን ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው የሠለጠነ ጥርጣሬ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ጠቅላላ ሐኪም በቀን ለሚያየው ሕዝብ ሁሉ የልብ ምስል አያነሳም። መሣሪያው ያለበት ሆስፒታል ድረስ ማንን እንደሚልክ የሚያውቀው ጠይቆና ዳስሶ ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ ምላሽ

ፈተናው መቅረቱ መለማመጃውን አያስቀረውም። ዋጋው ውድ ነው ከተባለ ደግሞ ርካሹ መንገድ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎች ፈቃደኛ ሆነው እርስ በርስ ሆድ ይዳስሱ፣ ደረት ያዳምጡ፣ ደህናው ምን እንደሚመስል ጣታቸው ይወቅ። ዋርድ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሲገቡም ከአልጋው ግርጌ ከሙቀት መመዝገቢያው ጎን አንድ ወረቀት ይንጠልጠል፤ ዛሬ ይህን ታማሚ የመረመረው ተማሪ ማን እንደሆነ፣ ፈቃዱን በማን አማካይነት እንደጠየቀ ይጻፍበት። በቀን ሁለት ተማሪ ከሞላ ሦስተኛው ነገ ይመለሳል።