አበል የሌለው አቦል

ከደጎሎ እስከ መካነ ሰላም ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን ባንጠራውም፣ ባለፈው ክረምት በፍርድ ቤት በር ያየነው ነገር እስካሁን ከልባችን አልወጣም። አንድ ሽማግሌ የመሬት ክሳቸውን ለራፖር ጻፊ ነግረው አስጻፉ። የኮምፒዩተር ቤቱ ልጅ ተየበው። ገንዘባቸውን ከፍለው ሲያቀርቡት ግን መዝገብ ቤቱ መለሰባቸው፤ የማስረጃ ዝርዝር አልተያያዘበትም ነበርና። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 223 የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ የሚያስረዱትም ነገር፣ የሰነዶቹም ዝርዝር ከክሱ ጋር እንዲቀርብ ያዝዛል። ሽማግሌው ይህን እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም። ግማሽ ቀን በእግር የመጡበትን መንገድ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እኛን የቈጨን የወረቀቱ ጉድለት ብቻ አይደለም። ራፖር ጻፊው ነገር ሰምቶ ማሰናዳት ያውቃል። ልጁ ትክክለኛውን ፎርም አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ቢያኖረው ለብዙ ባለጉዳይ ይበቃል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደግሞ የትኛው ወረቀት በምን ጉድለት እንደሚመለስ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ሦስቱም የሚሠሩት በመቶ እርምጃ ውስጥ ነው፤ ሰላምታም ይለዋወጣሉ፤ ስለ ሥራቸው ግን አንድ ቀን ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢባል ብዙው ሰው «ሥልጠና ይሰጥ» ይላል። ሥልጠናን አንነቅፍም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆችን ማኅበር ሲያቋቁም ተከታታይ የሕግ ሥልጠናንም የጠበቆች ግዴታ አድርጎታል። ራፖር ጻፊውንና የኮምፒዩተር ቤቱን ልጅ ግን ማን ይጠራቸዋል? ደግሞም እኛ የምናውቀው ሥልጠና ደብዳቤ፣ ባነር፣ አዳራሽና አበል ካልተሟላለት አይጀመርም። (አንዳንዱ ሠልጣኝ ፈርሞ በሻይ ሰዓት እንደሚሰወር መምህራኖቻችንም አይክዱም።)

ስለዚህ የእኛ አሳብ ቀላል ነው። በዕረፍት ወራት ደጎሎ ላይ፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ቡና ይፈላ። ጠበቃው፣ ራፖር ጻፊው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ የኮምፒዩተር ቤት ልጅ፣ የሕግ መምህርና እኛ ተማሪዎች ከአቦል እስከ በረካ እንጫወት። ሊቀ መንበር አይኑር፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝ፤ ሒሳቡን ሁሉም የየራሱን ይክፈል። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አበጋር የደም ነገር የሚያበርደው ሰው ከሰው ጋር አስቀምጦ በማነጋገር ነው እንጂ በባነር አይደለም። በውጭ አገርም በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው ሊጋል ሃከርስ የተባለው እንቅስቃሴ የሕግና የኮምፒዩተር ሰዎችን ሲያገናኝ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። እነርሱ የሚነጋገሩት ስለ ረቀቀ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ከራፖር እንጀምራለን።

«ሁሉ ነገር በኢንተርኔት አለ፤ መገናኘቱ ለምን?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል፤ የውሳኔዎቹ ቅጾችም በኢንተርኔት ይገኛሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ የጠቀመው አስቀድሞ በፍላሽ የተገለበጠውና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ነው። ፍላሽ ደግሞ የሚዋሰው ከሚያውቁት ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደን ሌላ ጥያቄ ነው። ጠበቃና የፍርድ ቤት ሠራተኛ አብረው ቡና ሲጠጡ ያየ ባለጉዳይ ምን ይላል? «ነገሬ እዚያ ተበላ» ቢል አንፈርድበትም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠበቅ እንላለን፤ በክርክር ላይ ያለ መዝገብ በስምም በቁጥርም አይነሣ፤ ቡናውም በጓዳ ሳይሆን ሰው በሚያየው በረንዳ ላይ ይሁን። ዳኞች ባይመጡ አንቀየምም። እንዲያውም ባይመጡ ይሻላል፤ የሽማግሌው ወረቀት የተበላሸው ዳኛ ዘንድ ሳይደርስ ነውና።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ርእስ ቁጥር 223 ይሁን። ናሙና ፎርሙን እኛ በአማርኛ አዘጋጅተን በፍላሽ እናመጣለን፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ይምጡልን።