ጉርሻው ይቆይ፣ ገበታው ይስፋ

የዓይናለም እናቶችና አባቶች፣ ጎረቤቶች፣ ባለሱቆች፣ መምህራን፣ ካህናት! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ስሙና ዛሬውኑ ተነሡ።

በየመንደራችን ደረቅ እንጀራ ብቻ የሚበላ ልጅ አለ። ሽሮው ፈስሶ የእንጀራውን ጠርዝ ከነካ ሰሃኑን እንዳለ ይገፋዋል። የለመደው ብስኩት በሌላ ማሸጊያ ከመጣ እሪ ይላል። ጎረቤት ያይና “ቅብጥ ነው፤ እናቱ ናት ያበላሸችው” ይላል። እናት ይህን ትሰማለች። መጀመሪያ ከቡናው ትቀራለች፣ ቀጥሎ ከማኅበሩ፣ በመጨረሻም በሯን ዘግታ ትቀመጣለች።

ያ በር ይከፈት። አሁን ይከፈት!

ልጁ አልቀበጠም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሽታው፣ ጣዕሙ፣ ልስላሴውና ሻካራነቱ ከእኛ በተለየ ኃይል ሊሰማው ይችላል። እኛ ደስ የሚለን የቁሌት ሽታ እሱን ከቤት ያስወጣዋል። ለእኛ የጣፈጠ ቲማቲም ምላሱ ላይ ሲያርፍ ያስታውከዋል። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ ይዞ ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ የምግብ እምቢታቸውን አብሮ መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ እነዚህ ልጆች በአመጋገብ የመቸገር ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው 5 እጥፍ ያህል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ127 ሰዎች 1ዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። በዚህ ስሌት የራሳችሁን ሰፈር አስቡት። ይህ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ዝም ካልን ምን እንደምናጣ እንወቅ። በሁለትና በሦስት ምግብ ብቻ የሚያድግ ልጅ ካልሲየምና ፕሮቲን ሊጎድለው ይችላል። ቫይታሚን ሲ ሲያጣ ድዱ ይደማል፣ እግሩን ያመዋል፣ መራመድ ይፈራል። ቫይታሚን ኤ ሲያጣ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል። አታላዩ ነገር ደግሞ የክንዱ ውፍረት ሲለካ ደህና ሊመስል መቻሉ ነው። እንጀራና ብስኩት ሆድ ይሞላሉ፤ ሰውነት ግን የሚፈልገውን አያገኝም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የትግራይ ጦርነት ወቅት የተወለዱ ልጆቻችን ገና ከማለዳው በቂ ረኀብ አይተዋል። ምግብ እያለ በሌላ ረኀብ አንቅጣቸው!

ታዲያ ምን እናድርግ? ከራሳችን እጅ እንጀምር።

ጉርሻ ፍቅራችን ነው። ለዚህ ልጅ ግን ድንገት ወደ አፉ የሚመጣ እጅ ያስፈራዋል። አታስገድዱት። አፍንጫውን ይዛችሁ አታብሉት። መድኃኒትም ሆነ አትክልት በሚወደው ምግብ ውስጥ ደብቃችሁ አታታልሉት፤ አንድ ቀን ከነቃባችሁ ያንኑ የሚወደውን ምግብም ይተወዋል።

የሚወደው ምግብ ሁልጊዜ ገበታው ላይ ይኑር። ከጎኑ አንድ አዲስ ነገር አድርጉ፤ በጣም ትንሽ፣ የሽንብራ ፍሬ ያህል። ይየው። ነገ ያሽትተው። ከነገ ወዲያ በጣቱ ይንካው። አሥር ጊዜ እምቢ ቢል አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ አትለምኑት፤ በአሥራ አንደኛው ቀን መልሳችሁ አቅርቡለት። ሰዓቱ አንድ ይሁን፣ ቦታው አንድ ይሁን፣ ገበታው አይርዘም። በምግብ መሐል ሻይና ለስላሳ ይቅር፤ ለስላሳው ረኀቡን ያጠፋበታል፣ ሻዩም ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ያስቀርበታል።

ውድ ምግብ ፍለጋ አትሂዱ። የእኛው ማጀት ይበቃል። ጥህሎን ተመልከቱ! የሊጡ ኳሶች በአንድ በኩል፣ ወጡ በሌላ በኩል፤ ሳይፈልግ አይነካካበትም። ኳሶቹ ሁሉ ያው ቅርጽ፣ ያው መጠን ናቸው። መጀመሪያ ያለ ወጥ ይብላ። ሲለምድ መውጊያውን እንጨት ራሱ ይያዝና የኳሷን ጫፍ ብቻ ወጡ ላይ ያስነካ። ህልበትም ነጭ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ያለ በርበሬም ይቀርባል። ደረቅ እንጀራ የሚወድ ልጅ እንጀራው ላይ በስሱ ተቀብቶ ሊለምደው ይችላል። ከሚያውቀው ተነሥታችሁ በአንድ እርምጃ ብቻ ራቁ። በለስ ሲደርስ እሾሁን አንሡና አጠገቡ ቁረጡት፤ ቀለሙን ይየው።

“ስንዴና ወተት ከለከልነው ኦቲዝሙ ይጠፋል” የሚላችሁንም አትከተሉ። ለዚህ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ምግቡ አስቀድሞ ጥቂት የሆነ ልጅን ያለ ሐኪም ምክር ወተት መንሣት ጉዳት ነው። ወደ ጸበል የምትወስዱት ውሰዱት፤ ገበታውን ግን አትርሱ።

ይህ ሁሉ በአንዲት እናት ጫንቃ አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ድርሻችንን እንውሰድ።

ባለሱቅ ወንድሜ፣ ልቅሶውን ለማስታገስ ብለህ ከረሜላ አትስጠው። እናቱን ጠይቃት።

አያቶች፣ “በእኛ ጊዜ በአለንጋ ነበር” አትበሉ። አለንጋ የምግብ ፍርሃትን አያድንም። ልጁን ለአንድ ሰዓት ተቀበሏት፤ እናት ትረፍ።

መምህራን፣ ምሳ ዕቃውን ከፍታችሁ አትሳቁ፣ አታስቁ። ከጫጫታው ራቅ ባለ ጥግ አስቀምጡት። አንድ ጓደኛ አጠገቡ ይብላ፤ እያየ ይለምዳል።

ካህናት አባቶቻችን፣ ጾም ሲገባ ቤቱ ሁሉ ስለሚጾም እንቁላሉና ወተቱ ከልጁ ማዕድ አብሮ ይጠፋል። ትንንሽ ልጆች ጾም እንደሌለባቸው በዐውደ ምሕረት ንገሩልን። የእናንተ አንድ ቃል ብዙ ማጀት ይደርሳል።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ ክንድ ለክታችሁ ብቻ አትመለሱ። “ምን ምን ይበላል?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ቁጠሩም። የሚበላው በጣት የሚቆጠር ከሆነ፣ ትናንት ይበላው የነበረውን ዛሬ ከተወ፣ ሲውጥ ከታነቀ፣ አፈር ከበላ፣ ድዱ ከደማ ወይም ከከሳ አትጠብቁ። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አይደር ሆስፒታል እንዲሄድ እርዱት።

“ማን ጀምሮት ያውቃል?” አትበሉ። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን የራሷን ልጅ ይዛ፣ ኦቲዝም የእርግማን ስም በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2021 እስክታርፍ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች መናገሯን አላቆመችም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በአዲስ አበባና በቡታጅራ ልዩ ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች እጅ ተሞክሯል። እዚያ የተቻለው እዚህ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የዓይናለም ጉድጓዶች ለዓመታት መቀሌን አጠጥተዋል። መልካም ልማድም እንደ ውኃው ከዚህ ይመንጭ፤ ወደ ኲሓ፣ ወደ ሐውልቲ፣ ወደ መላው ከተማ ይውረድ!

በጀት እስኪመደብ አንጠብቅ። ማዕከል እስኪሠራ አንጠብቅ። ማዕከሉን እንጠይቅ፣ አጥብቀን እንጠይቅ፤ የዛሬው እራት ግን የእኛ ነው።

ዛሬ ማታ ጉርሻውን አቆዩ። ዛሬ ማታ አንድ አዲስ ምግብ ከሚወደው ጎን አኑሩ። ነገ ቡና ስታፈሉ በሯን የዘጋችውን እናት ጥሩ፤ ልጇንም ይዛ ትምጣ፣ የሚበላውንም ይዛ ትምጣ። የዓይናለም ልጆች የሁላችን ናቸው። ተነሡ፣ እናብላቸው!