በጉ ከመግዛቱ በፊት ገበሬው ይሠልጥን

አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች፤ ለገጣፎ፤ ሰበታ፤ ቡራዩና ሱሉልታ፤ ለዋና ከተማችን ወተትና ቅቤ በማቅረብ የታወቁ ናቸው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ቤቱና መጋዘኑ በሰፋ መጠንም የግጦሹ መስክ እየጠበበ ሄዷል። ላም ለማርባት የሚበቃ መሬት ያጣ ገበሬ ከወተት ሥራ እንዳይወጣ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ የወተት በግ ማርባት ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከበጉ ግዥ የገበሬው ሥልጠና ሊቀድም ይገባል፤ ለሥልጠናውም ዋስትናው የነጋዴው የግዥ ውል ነው።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። በከብት አርቢዎች ስሌት ሰባት ያህል በጎች ከአንድ አገር በቀል ላም ጋር ይተካከላሉ። የላም ወተት ቅባት በመቶ 4 ያህል ሲሆን የበግ ወተት ቅባት በመቶ ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ፎርማጆ ለመሥራት 10 ሊትር ያህል የላም ወተት ሲያስፈልግ፤ ከበግ ወተት 5 ወይም 6 ሊትር ይበቃል። ስመ ጥሩዎቹ የኢጣልያ ፔኮሪኖ፤ የእስፓኝ ማንቼጎና የፈረንሳይ ሮክፎር የሚሠሩት ከበግ ወተት ነው።

ወተት ነጋዴውን የሚያስጨንቀው ሌላው ጉዳይ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተት ፈላጊ ያጣል፤ ላሚቱ ግን ስለ ጾም አታውቅም። በግ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። አውራው በሚያዝያ ቢለቀቅባት በመስከረም ትወልዳለች፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ትታለባለች፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ትነጥፋለች። በነቢያት ጾም የሚታለበውም ወተት ፎርማጆ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ሲበስል ይቈያል፤ በመቈየቱም ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይበላሽም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን፤ በደጋው አገር በግ ለሥጋ፤ ለቆዳና ለሱፍ እንጂ ለወተት አይረባም። የበግና የፍየል ወተት የሚያልቡት በቆላው የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ናቸው። ከደብረ ብርሃን በኩል በለገጣፎ መንገድ የሚመጣው የመንዝ በግ ብርድ ቻይ፤ ሱፉም ለባናና ለበርኖስ የሚሆን ነው፤ ወተቱ ግን ከግልገሉ የሚተርፍ አይደለም። እንግዲህ «የወተት ዝርያ ከውጭ እናስመጣ» የሚል አሳብ መነሣቱ አይቀርም።

ይህ መንገድ ከዚህ ቀደም ተሞክሯል። በእስራኤል አገር በተሻሻለው መንጋ በአንድ የመታለቢያ ወቅት ከ500 ሊትር በላይ የሚሰጠው የአዋሲ በግ ወደ አገራችን ገብቶ፤ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሏል። የተፈለገው ግን የሰውነቱ ግዝፈትና ሱፉ ነበረ፤ ስለዚህ ገበሬው ማለብን አልተማረበትም። በማራቢያ መንጋዎችም ማዲ ቪስና የተባለው ቀስ በቀስ የሚገድል የሳንባ በሽታ ታይቷል። ገበሬው ሳይሠለጥን፤ የመንጋውም ጤና ሳይመረመር የሚመጣ ዝርያ «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

የተሳካውም ምሳሌ ከአጠገባችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኒሴፍ ርዳታ የተቋቋመው የወተት ፋብሪካ በመጀመሪያ የተቀበለው የትልልቅ እርሻዎችን ወተት ነበረ፤ ቈይቶ ግን ከአነስተኛ ገበሬዎችም መሰብሰብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ከሱሉልታ ወዲያ በሰላሌ በፊንላንድ ርዳታ የገበሬዎች የወተት ልማት ተጀመረ። ከዚህም ሌላ ፋርም አፍሪካ በሐረርጌና በደቡብ ለሴቶች የወተት ፍየል በብድር ሰጥቶ፤ ብድሩን በግልገል እንዲከፍሉ አድርጓል። ከእነዚህ የምንማረው፤ ወተቱን የሚወስድ ሰው እንዳለ ያወቀ ገበሬ ትምህርቱን በልቡ እንደሚይዝና ሥልጠናም ከእንስሳው ጋር አብሮ መሰጠት እንዳለበት ነው።

ሥልጠናው በአዳራሽ ሦስት ቀን ሰብስቦ ምስክር ወረቀት መስጠት ሊሆን አይገባም። ማለብን የሚያውቅ አንድ ገበሬ ከአምስት ቤተ ሰብ ጋር፤ ከማዳቀያው ወር እስከ መንጠፊያው፤ አንድ ሙሉ ዓመት ይቀመጥ። ግልገሉን ከአንድ ወር በኋላ ሌሊት ከእናቱ ለይቶ፤ ጧት አልቦ፤ ቀን ከእናቱ ጋር ማዋልን ያሳይ። ግቷን ማጠብን፤ ወተቱን ማፍላትን፤ የምታስወርደውን በግ ለይቶ ለሐኪም ማሳየትን ያስተምር። ከሁሉም በላይ ሒሳብ መጻፍን ያስለምድ፤ ምክንያቱም «ለፋሲካ የሚሸጥ ሙክት እያለኝ ስለ ወተት ለምን እደክማለሁ?» የሚለው ገበሬ ጥያቄው ትክክል ነው። ግልገሉ ከስቶ የሚገኝ ወተት ኪሳራ ነውና፤ መልሱ ከመዝገቡ መገኘት አለበት።

ከነጋዴው የሚጠበቀው ምንድን ነው? አስመጪው በጉን ለማስመጣት ከመቸኰሉ በፊት የወተት ቢዶን፤ ወተት የሚያረጋውን እርሾና የእንስሳት መድኃኒት ያስመጣ። ባለ ሱቁና ባለ ሆቴሉ በኪሎ ስንት እንደሚገዛ፤ በጾምም ሆነ በፍስክ እንደማያቋርጥ በጽሑፍ ይዋዋል። ላኪው ታግሦ የአገር ውስጡ ሥራ ሁለት ሦስት ዓመት ሲጸና ይመልከት። ለአሠልጣኙ ገበሬ የሚከፈለውም ደመወዝ በነጋዴዎች መዋጮ ቢሸፈን፤ ወጪው ያልሠለጠነ ገበሬ እጅ ላይ ከሚሞት አንድ የውጭ መንጋ ዋጋ ያንሳል ብለን እናምናለን።

በለገጣፎና በአካባቢው መስኩ ጨርሶ እስኪያልቅ ድረስ ብንጠብቅ ወተትን የሚያውቀው ገበሬ ወደ ሌላ ሥራ ይበተናል፤ እርሱን እንደገና ማሰባሰብ ደግሞ በጎችን ከማስመጣት እጅግ የከበደ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በቅድሚያ ውሉን ይፈርም፤ ገበሬው ይሠልጥን፤ በጉ በመጨረሻ ይምጣ።