ሸራ የለበሰው ትራፓኖ

በወርክሾፓችን ጥግ አንድ አሮጌ ራዲያል ድሪል ሸራ ለብሶ ቆሟል። በንብረት መዝገብ ቁጥር አለው፤ ተማሪ ግን አይነካውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። አሁን ደግሞ «ጊዜው አልፎበታልና ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ» ሲባል እንሰማለን። እኛ ይህን አሳብ እንቃወማለን።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ምን ይሠራል? በትንሹ የጠረጴዛ ትራፓኖ ሥራውን ወደ ፑንታው እናመጣለን። በራዲያሉ ግን ከባዱ ብረት ባለበት ታስሮ ይቀመጣል፤ ክንዱ በዓምዱ ዙሪያ እየዞረ፣ ከፍና ዝቅ እያለ፣ ፑንታውን የያዘው ራስ በክንዱ ላይ እየተንሸራተተ ቀዳዳው ወደሚፈለግበት ቦታ ይደርሳል። ይህ አሠራር ዛሬም አልተሻረም። በእንግሊዝ አገር ሃሊፋክስ አስክዊት፣ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ቢክፎርድ ባለፈው ምዕተ ዓመት ከሠሯቸው መካከል አሁንም ብረት የሚበሱ አሉ።

«አርጅቷል፣ ልኩ አይታመንም» ይባላል። እርጅና በወሬ አይፈረድበትም፤ ይለካል። ዳያል ጌጅ ከስፒንድሉ ጋር አስረን በጠረጴዛው ላይ ብናዞረው ስሕተቱ ስንት መቶኛ ሚሊሜትር እንደሆነ ይነግረናል። ለረቂቅ ሥራ ባይበቃ ለቡሎን ቀዳዳ ይበቃ ይሆናል። ኩሽኔታው ቢያልቅ ይለወጣል፤ ሞተሩ ቢቃጠል ይጠቀለላል። መጠገኑስ ራሱ ትምህርት አይደለምን?

«አደገኛ ነው» ለሚሉንም እውነት ነው እንላለን። በደንብ ያልታሰረ ብረት ከፑንታው ጋር ይሽከረከራል፤ ክንዱን ሳይቆልፉ መብሳት ፑንታ ይሰብራል፤ ጓንት፣ ነጠላና የተፈታ ጸጉር በስፒንድሉ ይጠመጠማሉ። ታዲያ ይህን ዛሬ በመምህር ፊት ያልተማረ መሐንዲስ ነገ ሠራተኛውን እንዴት አድርጎ ከአደጋ ይጠብቃል?

በለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ 25 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ቢሰጠን፣ 20 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 400 ዙር ያህል፣ 40 ሚሊሜትሩ ደግሞ 200 ያህል እንደሚፈልግ በፈተና ወረቀት ሁላችንም እናሰላለን። ማርሹን እንዴት እንደሚያስገቡ፣ ፑንታው ሲጮኽ ምን እንደጎደለው የሚያውቁት ግን ቴክኒሻናችን ብቻ ናቸው። እሳቸውም ጡረታቸው ደርሷል። መሣሪያው ቢሸጥ እውቀታቸውም አብሮ ይሸኛል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ራዲያሉ በቴክኒሻኑ ተቆጣጣሪነት ለተማሪ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ዘይት የተቀባበትና የተጠገነበት ቀን የሚጻፍበት መዝገብ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ቴክኒሻኑ ከመሰናበታቸው በፊት የሚያውቁት በጽሑፍ ይቀመጥ። እኛም በበኩላችን እጅጌያችንን ሰብስበን ዘይት ለመቀባትና ፍቅፋቂውን ለመጥረግ ተዘጋጅተናል።

በኮምፒዩተር የሚታዘዘው አዲስ መሣሪያ ቢመጣ ደስታችን ነው። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሽያጩ ከመወሰኑ በፊት ድምፃችንን እናሰማ።